ቤት ውስጥ የሚያድር በግ እንዴት ይተኛል?

በሐዋሳዋ ቱላ በግ የሚያደልብ ሰው ስለ መኖ ሲጠየቅ አያመነታም። ፉርሽካ ስንት እንደገባ፣ ፋጉሎ ከየት እንደሚገዛ፣ የእንሰት ቅጠል በየትኛው ወር እንደሚያስፈልግ ይዘረዝራል። በጎቹ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነው፦ «አስገብቼ በር እዘጋለሁ፣ ይተኛሉ።» በሩ ከተዘጋ እስከሚነጋ ያለው ጊዜ ግን ባዶ ጊዜ አይደለም። ቤት ውስጥ የተያዘ በግ ከ24 ሰዓቱ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ተጋድሞ ያሳልፋል። ቀን የዋጠውን መልሶ የሚያመሰኳው፣ እግሩን የሚያሳርፈው፣ ጥቂቷን እውነተኛ እንቅልፍ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። መኝታው የተበላሸበት በግ በውድ የተገዛለትን መኖ በሚገባ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ በቂ ቦታና ንጹሕ አየር እንደ መኖው ሁሉ ሊታሰብባቸው ይገባል።

በጎቹ ለምን ቤት ገቡ?

ሐዌላ ቱላ ከሐዋሳ 8 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከመሃል ከተማው በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ የከተማ አስተዳደር አካል ቢሆንም ብዙው ነዋሪ አሁንም ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በየግቢው እንሰት፣ ቡና፣ ጫትና አትክልት ይታያል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ግን የግጦሽ ቦታው ይጠባል፤ ትናንት በጎች ይውሉበት የነበረው ሜዳ ዛሬ የቤት መሥሪያ ቦታ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ በጎች ቀኑንም በግቢ ውስጥ ታስረው ወይም በጉረኖ ተዘግተው መዋል ጀምረዋል።

ሌሊቱን ቤት ማደራቸው ግን አዲስ ነገር አይደለም። በሲዳማ ከብቱም በጉም በባህላዊው ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በተለየ ክፍል ያድራል። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ ብርድም አለ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከዚህ ሌላ የቤቱ ፍግ በየማለዳው ተጠርጎ ለእንሰቱ ይሄዳል፤ እንሰት ያለ ፍግ አያምርም። በመንዝና በላስታ ደጋም በግ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ የቆየ ልማድ ነው።

የተለወጠው የቆይታው ርዝመት ነው። ሜዳ ውሎ ማታ የሚገባ በግ ያልተመቸውን ሌሊት ቀን በጥላ ሥር ተጋድሞ ሊክሰው ይችላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ገበያ ተብሎ ሦስት ወር ያህል ተዘግቶ የሚደልብ ሙክት ግን ሌላ ማረፊያ የለውም። የተሰጠው ወለል ጥሩ ከሆነ ጥሩ ያድራል፤ መጥፎ ከሆነም ዘጠና ሌሊት በመጥፎ ያድራል።

መጋደምና መተኛት ይለያያሉ

በግ ተጋደመ ማለት እንቅልፍ ወሰደው ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪምና ተመራማሪ ኢቭ ሩክቡሽ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት የፈረስን፣ የላምን፣ የበግንና የአሳማን የቀንና የሌሊት ሁኔታ በዝርዝር ለክተዋል። እንደ ልኬታቸው አንድ በግ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 16 ሰዓት የሚጠጋውን ነቅቶ፣ ከ4 ሰዓት ትንሽ የሚበልጠውን እያሸለበ፣ ከ3 ሰዓት ትንሽ የሚበልጠውን በረጋ እንቅልፍ ያሳልፋል። ሕልም ከሚታይበት የሰው እንቅልፍ ጋር የሚመሳሰለው፣ ጡንቻ ሁሉ የሚላላበት እንቅልፍ ግን በድምሩ 34 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም የሚመጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥቂት ደቂቃው እየተቆራረጠ ነው።

እነዚህን ሁኔታዎች በዓይን መለየት ይቻላል። የነቃች በግ ብትጋደምም ራሷ ቀና ያለ ነው፣ ጆሮዋም ድምፅ ወደመጣበት ይዞራል። ስታሸልብ ዓይኗ በከፊል ይከደናል፣ ጆሮዋ ይረጋል፤ መንጋጋዋ ግን ብዙ ጊዜ መሥራቱን አያቆምም። በዚህ ሁኔታ ላይ ቆማም ልትሆን ትችላለች። ጡንቻ የሚላላበት እንቅልፍ ሲመጣ ግን መቆም አይቻልም፤ አንገቷ ራሷን መሸከም ስለሚሳነው አገጯን መሬት ላይ ታሳርፋለች፣ ወይም አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ራሷን ጎኗ ላይ ታስደግፋለች።

ከዚህ አንድ ትልቅ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። በአጭር ገመድ ታስራ ራሷን መሬት ላይ ማድረስ የማትችል፣ ወይም ወለሉ ጭቃ ስለሆነ አገጯን ማሳረፍ የማትችል በግ ያቺኑ 34 ደቂቃ ትከለከላለች። ሌሊት የግድ መታሰር ካለባት ገመዱ ተጋድማ ራሷን እንደልብ እንድታሳርፍ የሚያስችል ርዝመት ይኑረው፤ እግሯን እንዳይተበትባት ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታሰር።

ተጋድመው የሚሠሩት ሥራ

በግ መኖን ሲበላ በደንብ ሳያኝክ ይውጣል። የዋጠው ወደ ትልቁ ጨጓራ ገብቶ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ይብላላል። ከዚያ በጉ ሲረጋጋ ጉርሻ በጉርሻ ወደ አፉ እየመለሰ ያመሰኳዋል። አንዱን ጉርሻ አንድ ደቂቃ ያህል ካላመጠ በኋላ ይውጠዋል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሌላው ሲመጣ በአንገቱ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ይታያል። ሣር፣ ድርቆሽና አገዳ የሚበላ በግ በቀንና በሌሊት በድምሩ 8 ሰዓት ያህል ሊያመሰኳ ይችላል፤ አብዛኛውን የሚያደርገውም ተጋድሞ ነው።

ማመስኳት መኖን ከማድቀቅ ያለፈ ጥቅም አለው። ሲያመሰኳ የሚመነጨው ብዙ ምራቅ የጨጓራውን አሲድ ያለዝባል። ለማድለብ ተብሎ ፉርሽካና እህል በብዛት ለሚሰጠው በግ ይህ ምራቅ መድኃኒቱ ነው። ፍርሃት፣ መገፋፋትና ጩኸት ግን ማመስኳትን ያቋርጣሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነሣና ሲወድቅ ያደረ በግ ጠዋት ጨጓራው ውስጥ ያልደቀቀ መኖ ይዞ ይነሣል። ከዚያ ባለቤቱ «መኖ ቀነሰብኝ» ይላል፤ ችግሩ ግን ሌሊት የተጀመረ ነው።

አተኛኘታቸውም ከዚሁ ጨጓራ ጋር የተያያዘ ነው። ጤነኛ በግ በደረቱ ላይ ተደግፎ፣ የፊት እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ አንድ ጎን ብሎ ይተኛል። በዚህ አኳኋን ሲሆን በጨጓራው የሚጠራቀመው አየር ከላይ ስለሚሆን በግሳት ይወጣል። በጎኑ ተዘርግቶ ረዥም ጊዜ ከቆየ ወይም በጀርባው ከተንጋለለ ግን ፈሳሹ የአየሩን መውጫ ይዘጋበታል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ነፋቱም ሳንባውን ይጫናል። ጉድጓድ ባለው ወለል ላይ በጀርባው የወደቀ የደለበ ሙክት ወይም የከበዳት እርጉዝ በግ ራሷን ማንሣት ካልቻለች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ያለች በግ ስትገኝ ቶሎ ወደ ደረቷ መመለስ፣ ከተነሣችም በኋላ እስክትረጋጋ ደግፎ ማቆም ያስፈልጋል። ወለሉን መደልደል ደግሞ አደጋው እንዳይመጣ ያደርጋል።

ስንት ቦታ ይበቃቸዋል?

በጎች በአንድ ላይ መጋደም ይወዳሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይከተላል፣ አንዱ ሲነሣም ብዙዎቹ ይነሣሉ። መንጋ ለሆነ እንስሳ ይህ የደኅንነት ሥርዓት ነው። ስለዚህ በአንድ ጉረኖ ውስጥ ያሉ በጎች በየተራ እንዲተኙ ታስቦ ቦታ ሊለካ አይችልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጋደሙበት ስፋት ያስፈልጋል።

ኖርዌይ ውስጥ በጎች ከብርዱ የተነሣ ረዥሙን ክረምት ቤት ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ የአገሪቱ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ሠርተዋል። ክኑት ኤጊል ቦ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ለአንዲት እናት በግ 1 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ ሦስት ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ ካሬ ሜትር የመኝታ ቦታ እየሰጡ ተመልክተዋል። ቦታው በጠበበ ቁጥር በጎቹ የሚጋደሙበት ጊዜ ቀነሰ፣ አብረው መተኛታቸውም ቀነሰ፣ አንዷ ሌላዋን እየገፋች ከመኝታዋ ማስነሣቷ በዛ። የአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ግብርና ደንብ ደግሞ ቤት ውስጥ ለአንድ በግ 1.5 ካሬ ሜትር፣ ለአንድ ግልገል 0.35 ካሬ ሜትር ያዝዛል። የአውሮፓ በግ ከእኛው በአካል ስለሚበልጥ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ለአንድ ትልቅ በግ መመደብ ለእኛም ደኅና መነሻ ነው። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነች ጉረኖ ውስጥ 6 በግ ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለች ጉረኖ 12 ሙክት ማጎር በእያንዳንዱ ሌሊት አንዳንዶቹን ቆመው እንዲያድሩ መፍረድ ነው።

የሚገፋው ሁልጊዜ ደካማው ነው። ጠንካራው አውራ ወይም ቀደም ብላ የገባችው በግ ደረቁን ጥግ ትይዛለች፤ አዲስ የተገዛው ጠቦት ወደ በሩና ወደ እርጥቡ ይገፋል። በጎች ከመሃል ይልቅ ግድግዳ ሥር መጋደምን ይመርጣሉ፤ በአንድ ጎን የሚረግጣቸውም የሚያስነሣቸውም የለምና። ስለዚህ ግርግሙንና ውኃውን መኝታው ባለበት ግድግዳ ላይ መደርደር መልካም አይደለም። ከበሩ ወይም ከፊት ለፊቱ በኩል ቢሆኑ፣ ለመብላት የሚነሣው በግ የተኛውን ሳይረግጥ ይደርሳል፤ ሁለትና ሦስቱ ግድግዳዎችም ለመኝታ ይተርፋሉ። ቀንዳሞችን ቀንድ ከሌላቸው፣ ትልልቆቹን ከጠቦቶቹ መለየት ከተቻለ ደግሞ ብዙ ግፊያ ይቀራል።

ከሥራቸው ያለው ወለል

በቱላና በአካባቢዋ የሚታዩት የበግ ወለሎች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የአፈር ወለል፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ርብራብ። ሦስቱም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሦስቱም ሊበላሹ ይችላሉ።

ኖርዌያውያኑ በወለል ምርጫ ላይ ያደረጉት ሌላ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በጎች የተለያየ ወለል ቀርቦላቸው የትኛውን ለመኝታ እንደሚመርጡ ታየ። ሱፋቸው ሳይሸለት ምርጫቸው ያን ያህል የጠነከረ አልነበረም። ከተሸለቱ በኋላ ግን ሙቀት የሚይዘውንና ለስላሳውን፣ በተለይም ጭዱን፣ አጥብቀው ፈለጉ። ሱፍ ራሱ ፍራሽ ነበርና ፍራሹ ሲወሰድ የወለሉ ቅዝቃዜ በቀጥታ ተሰማቸው።

በሲዳማና በአርሲ የሚረቡት ረዥም ላት ያላቸው በጎች፣ ባና የሚሠራበትን የመንዝ በግ ያህል ሱፍ የላቸውም። ስለዚህ ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚያድር የቱላ በግ ሁኔታው ወደተሸለተው በግ ይቀርባል። ሲሚንቶ ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ግን ሌሊት ከሰውነት ሙቀት ይስባል፣ ጉልበትንም ያቆስላል። ሲሚንቶ ያለው ሰው ወደ አንድ በኩል ትንሽ አዘቅዝቆ ሽንት የሚወርድበት ቦይ ያብጅለት፤ በላዩም ጉዝጓዝ ያልብሰው።

የአፈር ወለል ሙቀቱ ይሻላል፣ ሆኖም ሽንት ይጠጣል። በየቀኑ ካልተጠረገና ደረቅ ነገር ካልተነሰነሰበት በክረምት ጭቃ ይሆናል። እርጥብ ወለል ሰኮናን ያላላል፣ በሰኮናው መሃል የሚገባው ጀርም እግርን ያበሰብሳል፣ ያስነክሳል። ያነከሰ በግ መነሣትና መጋደም ስለሚያመው አንድ ቦታ ተጋድሞ ይውላል፤ መኖም ያመልጠዋል።

ርብራብ ጥሩ አማራጭ ነው። በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች ስለሚወርድ መኝታው ደረቅ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፣ በሲዳማ ደጋ ደግሞ ቀርከሃ ይበቅላል። ከሥሩ ገብቶ ፍጉን ለመጥረግ እንዲያመች ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእንጨቶቹ ክፍተት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን፦ በጠጥ የሚያሳልፍ፣ ሰኮና የማያስገባ። ክፍተቱ ሲሰፋ እግር ይሰበራል፤ ሲጠብ ደግሞ በጠጡ ላዩ ላይ ተጋግሮ ርብራቡ ጥቅም ያጣል። ለግልገሎች ግን ይህም ክፍተት ሰፊ ነው። እነሱ ባሉበት ጥግ ጣውላ አንጥፎ ድርቆሽ መጎዝጎዝ ይገባል። በብርድ ወራት ከሥር የሚገባውን ንፋስ ለመከላከል የርብራቡን የታች ጎኖች በአንድ በኩል መሸፈን ይበቃል።

ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ፣ ድርቆሽ፣ የደረቀ የበቆሎ ቅጠል፣ ሰጋቱራ ያገለግላሉ። ቁም ነገሩ ድርቀቱ ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ በጎቹ በሚተኙበት ቦታ ላይ በጉልበትዎ ተንበርክከው ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ። ሱሪዎ ወይም ቀሚስዎ ከረጠበ መኝታው እርጥብ ነው፤ በጓ በዚያ ላይ የምትቆየው ግማሽ ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ነው። በየማታው እፍኝ እፍኝ ደረቅ ነገር ከላይ መጨመር አንዴ ብዙ ጎዝጉዞ ወር ሙሉ ከመተው ይሻላል። ያ ሽንት የጠጣ ጉዝጓዝም አይባክንም፤ እንሰቱ ሥር ሲደርስ ከባዶ በጠጥ የተሻለ ማዳበሪያ ነው።

አየርና ሙቀት

ባለቤቱ ቆሞ የሚተነፍሰው አየርና በጓ ተጋድማ የምትተነፍሰው አየር አንድ አይደለም። ከሽንት የሚነሣው አሞኒያ ከወለሉ አጠገብ ይበረታል። በማለዳ በሩ እንደተከፈተ ዝቅ ብለው አፍንጫዎን በበጎቹ ራስ ከፍታ ያድርጉ። ዓይን ካቃጠለ ወይም ጉሮሮ ከከረከረ ሳንባቸው ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ሲስብ አድሯል ማለት ነው። የታፈነ ቤት፣ መጨናነቅና ድካም ሲገጣጠሙ የሳንባ ምች ይከተላል። የሳንባ ምች ከሚያመጡት በሽታዎች አንዱ ለሆነው ለበግ ፓስቱረሎሲስ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ክትባቱ ግን ለታፈነ ቤት ምትክ አይሆንም።

ብርድን ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን የተለመደ ስሕተት ነው። የአንድ ትልቅ በግ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ከተጋደመ የቱላን ብርድ በደንብ ይቋቋማል። የሚጎዳው እርጥበትና በቀጥታ ገላውን የሚመታው ንፋስ ነው። ስለዚህ የግድግዳው የታችኛው ክፍል፣ በበጎቹ ቁመት፣ የተደፈነ ይሁን፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ግን ዙሪያውን አየር የሚያሳልፍ ይሁን። ሞቃቱ እርጥብ አየር በላይ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን የተኙትን አይነካም። የቤተሰቡ ምድጃ ከበጎቹ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ከሆነም ይኸው የላይ ክፍተት ጭሱን ያስወጣል፤ ለሰውም ለበግም ይጠቅማል።

በበጋ እኩለ ቀን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በጎቹ ተጠጋግተው መተኛትን ትተው ይራራቃሉ፣ እግራቸውን ይዘረጋሉ ወይም ጨርሶ አይጋደሙም፤ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሙቀቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኗል። ከቆርቆሮው ሥር ወይም ከላዩ ሣር መደረብ፣ ጉረኖውን ወደ ዛፍ ጥላ ማስጠጋት፣ ውኃ አለማቋረጥ ይረዳል።

ብቻውን የታሰረ በግ

ለበዓል የተገዛ አንድ በግ ብቻውን በግቢ ጥግ ታስሮ ሲጮኽ ማደሩን የማያውቅ የለም። ብዙዎቻችን የምናስበው ራበው ብለን ነው፤ ሣር እንሰጠዋለን፣ እሱ ግን ሣሩን ትቶ መጮኹን ይቀጥላል። እንግሊዝ ውስጥ በባብራሃም ኢንስቲትዩት ኪት ኬንድሪክና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጥናት ምክንያቱን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ ማስታወስ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ለተዘጉ በጎች የበግ ፊት ምስል ሲያሳዩአቸው ጩኸታቸውና የልብ ምታቸው ቀነሰ፤ የፍየል ፊት ወይም ሌላ ቅርጽ ሲያሳዩአቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ምስል እንኳ ይህን ካደረገ በአጠገብ ያለ እውነተኛ ጓደኛ ምን ያህል እንደሚያረጋጋ መገመት አያዳግትም።

መንጋ ውስጥ የተኛ በግ የሌሎቹ ጆሮና ዓይን ይጠብቀዋል። ብቻውን ያለ በግ ግን ራሱን ራሱ መጠበቅ ስላለበት እንቅልፉን ይሠዋል። ስለዚህ ሲቻል ሁለት አብረው የኖሩ በጎችን መግዛት ወይም የጎረቤት በግ አጠገቡ ማሳደር ጥሩ ነው። ካልተቻለም ውሻ የማይደርስበት፣ ሁለት ጎኑ ግድግዳ የሆነ፣ ደረቅ ሣር የተነጠፈበት ጥግ ይሰጠው። ከገበያ የመጣ ለማድለቢያ የሚሆን በግም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በአዲሱ ቦታ ተጨንቆ ያሳልፋል፤ በእነዚያ ቀናት መኖ በድንገት መለወጥና ከማያውቃቸው አውራዎች ጋር መቀላቀል ጭንቀቱን ያባብሰዋል።

እርጉዞችና ግልገሎች

እርጉዝ በግ ወሯ ሲገፋ ሆዷ ስለሚከብድ መነሣትና መጋደም ያስቸግራታል፤ ከሌሎቹ የበለጠ ቦታም ያስፈልጋታል። ምጥ ሲቀርባት ከመንጋው ትገለላለች፣ መሬቱን በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ትጋደምና ወዲያው ትነሣለች። ይህ ሲታይ ለብቻዋ፣ ግን ሌሎቹን ማየትና መስማት በምትችልበት ቦታ መከለል ነው።

ግልገሎች ከእናቶቻቸው በጣም የበለጠ ይተኛሉ። በሁለትና በሦስት ተቃቅፈው፣ ብዙ ጊዜም እናታቸው ጀርባ ላይ ተደግፈው ያሸልባሉ። ትልልቆቹ እንዳይጫኗቸው በአንድ ጥግ እነሱ ብቻ ሾልከው የሚገቡበት ትንሽ አጥር ቢታጠርላቸው ጥሩ ነው። የግልገል ጤና የሚታወቀው ከእንቅልፉ ሲነሣ ነው። የጠገበ ግልገል ሲያስነሡት ጀርባውን ለጥጦ ይንጠራራል፣ ከዚያ ወደ እናቱ ጡት ይሮጣል። ጀርባውን አጉብጦ፣ ራሱን አቀርቅሮ የሚቆም ግልገል ግን ወይ ወተት አላገኘም ወይ በርዶታል፤ ጣትዎን አፉ ውስጥ ሲያስገቡ ከቀዘቀዘ አስቸኳይ ሙቀትና ወተት ያስፈልገዋል።

የሌሊቱ ምርመራ

በጎችዎ እንዴት እንደሚያድሩ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሌሊት 5 ወይም 6 ሰዓት ገደማ፣ በጎቹ ከተረጋጉ በኋላ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት ይዘው ሳይናገሩ ከበር ላይ ይመልከቱ። አራት ነገር ይዩ።

አንደኛ፣ ስንቶቹ ተጋድመዋል? ከሁለት አንዱ ቆሞ ከሆነ ቦታው ጠቧል ወይም ወለሉ አልተመቸም። ሁለተኛ፣ የት ተጋድመዋል? ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቀው የቀረው ባዶ ከሆነ ባዶው ቦታ እርጥብ ነው ወይም ንፋስ ይመታዋል፤ በጎቹ ራሳቸው የቤቱን ጉድለት እያመለከቱ ነው። ሦስተኛ፣ ስንቶቹ ያመሰኳሉ? ከተጋደሙት መካከል በርካታዎቹ መንጋጋቸው ሲሠራ መታየት አለበት። አራተኛ፣ ለብቻው የተገለለ አለ? ሰው ሲጠጋው የማይነሣ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ፣ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ በጭንቅ የሚተነፍስ ወይም በፊት ጉልበቱ ተንበርክኮ የሚበላ በግ ታሟል። ማለዳውን ሳይጠብቁ ይለዩት፤ ሲነጋም ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩት።

ጠዋት ደግሞ ሆዳቸውንና ጉልበታቸውን ይመልከቱ። በጭቃና በፍግ የተለጠፈ ሆድ እርጥብ መኝታን፣ ጸጉሩ የረገፈ ወይም የቆሰለ ጉልበት ሻካራ ወለልን ያሳያል።

ከየት ይጀመር?

ሁሉን በአንድ ጊዜ ማስተካከል ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ይቻላል። መጀመሪያ ድርቀት ነው፤ መጥረጊያና ጭድ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀጥሎ ከጣሪያ ሥር አየር መክፈት ነው፤ ይህም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ የበጎቹን ቁጥር ከቦታው ጋር ማመጣጠን ይመጣል። ይህ ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ጥቂት በግ ማደለብ ትርፍ የሚቀንስ ይመስላልና። ሆኖም በመገፋፋት የሚቆመው፣ የሚያስለውና የሚያነክሰው በግ የሚበላውን መኖ ዋጋ የሚመልስ አይደለም። 12 አጉሮ የሁለቱን ሕክምና ከመክፈል ቦታው የሚበቃቸውን ያህል ብቻ በሚገባ አደልቦ ለገበያ ማቅረብ ይሻላል። ርብራብ መሥራት ደግሞ ከአንዱ በዓል ሽያጭ በኋላ ሊታሰብበት ይችላል። የወለሉን ስፋትና አሠራር የሚያማክር የግብርና ባለሙያ በቀበሌው አለ። በዚያው በሐዋሳም በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የግብርና ኮሌጅ የእንስሳት ሳይንስ መምህራን አሉት።

ሜዳ ላይ የሚውል በግ እርጥቡን ትቶ ደረቁን፣ ንፋሱን ትቶ ከለላውን፣ ፀሐዩን ትቶ ጥላውን ራሱ ይመርጣል። ቤት ስናስገባውና በር ስንዘጋበት ያን ምርጫ ከእሱ ወስደን በእጃችን አድርገናል። ምርጫውን የወሰደ ሰው ደግሞ ለእሱ ብሎ በሚገባ የመምረጥ ግዴታ አለበት። ይህ ለእንስሳው የምናደርገው ቸርነት ብቻ አይደለም፤ በሚገባ ያደረ በግ የሚያስገኘውን የባለቤቱ ኪስም የቤተሰቡ ማዕድም ይመሰክራሉ።